ሰባተኛ ረድፍ

ቂርያት ጋት፣ የሰፈሩ አዳራሽ፣ ሐሙስ ማታ።
ከአውቶቡስ ወርጄ የሥራ ሸሚዜን ሳላወልቅ
ፈንታነሽን ይዤ ሰባተኛው ረድፍ ላይ፣ ከመውጫው አጠገብ።
ልማድ ነው። ሠርግም፣ ለቅሶም፣ ምኩራብም፣
ሃያ ዓመት በር አጠገብ ነው የምንቀመጥ።

ልጃችን ኦሽራት ዛሬ እናት ሆና ትጫወታለች።
ማስታወቂያውን ከመሪዬ ጀርባ ለጥፌው ነበር፣
«ሙዚቃዊ ተውኔት፦ አእምሮዋ የታመመ እናትና ቤተሰቧ።»
ለጠፍኩና ኮቴን ሰቀልኩበት፤
እስከ አሽቀሎን እንደተሸፈነ ነዳሁ።

መጋረጃው ተገለጠ።
ወጥ ቤት ነው። የኛው ወጥ ቤት፣
ብቻ ሰፋ ብሎ፣ ብቻ አንድ ግድግዳ ጎድሎት፤
ሰው ሁሉ በጎደለው በኩል ቁጭ ብሎ ያያል።
ጠረጴዛው ላይ አንድ ብርጭቆ ሙሉ የሸሚዝ ቁልፍ።

አስታወስኩት።
ያን ክረምት የቤቱን ቁልፍ ኪሴ ከትቼ ስተኛ
እሷ የልብሳችንን ቁልፍ በምላጭ ስታራግፍ አደረች፤
እኔ ቁልፍ ስቆልፍ፣ እሷ ቁልፍ ስትፈታ፣
ማን ማንን እንዳሰረ እስከ ዛሬ አልተፈታ።

ጎረቤት «ጨርቋን ጣለች» አለ።
ውሸት! ፈንታነሽ ልብስ ሰፊ ናት፣
እንኳን ጨርቋን ልትጥል
ከፋብሪካው ወለል ቅዳጅ ክር ለቅማ ትመጣለች።
አክስቴ «ዛር ነው» አለች፤ ቄሱ ጸለዩ፤
ሐኪሙ በዕብራይስጥ ረጅም ስም ሰጠን
በሦስት ቀለም ኪኒን ከፋፍሎ።
የማን ስም ልክ እንደሆነ እኔ ምኑን አውቄ፤
የማውቀው ከሌሊቱ ዘጠኝ ሰዓትን ነው፣
ኮሪደሩ ላይ የእግሯን ኮቴ እየቆጠርኩ።

መድረኩ ላይ ኪኒን ሲዋጥ ሙዚቃ ይነሳል፣
ቫዮሊን፣ ከበሮ፣ ነርስ የመሰሉ ሦስት ጎረምሶች ይጨፍራሉ።
እኛ ቤት የሚሰማው ቧንቧው ነበር፣
ከዚያ ጉሮሮዋ፣
ከዚያ «ምላስሽን አሳዪኝ» የሚል የኔ ድምፅ።
ይሄንንም አልተወችው ልጄ!
ባሏን የሚጫወተው ሰርጌ፣ ጣሪያ የሚነካ ልጅ፣
«ምላስሽን አሳዪኝ» ብሎ በዜማ ጠየቀ፤
አዳራሹ ሳቀ።
እኔ ጫማዬን አየሁ።
ለካ በስድስት ዓመቷ፣ ከበሩ ኋላ ቆማ፣
እኔ ተኝታለች ስል፣ ትቀዳኝ ኖሯል።

ያኔ ፈንታነሽ እጄን ለቀቀች።
ተነሳች።
ጉልበቴ ቀድሞኝ ወደ መውጫው ዞረ፣
የአውቶቡሱን ቁልፍ ጨበጥኩ፤
«ኦሽራት!» አለች፣ በአማርኛ፣ ጣሪያው እስኪሰማ፣
«እጅጌው ረዝሟል! እጠፊው፤ እጅሽ አይታይም!»

ፒያኒስቱ ጣቱን አየር ላይ ረሳው።
መቶ ሰላሳ ሰው ትንፋሹን ያዘ።
ልጄ መብራቱ ውስጥ እንደቆመች
እጅጌዋን አንዴ አጠፈች፣ ሁለቴ አጠፈች፣
እናቷ እንዳስተማረቻት ጫፉን በአውራ ጣት ተጫነችው፣
ከዚያ ካቆመችበት ቃል ቀጠለች።
ሰዉ የተውኔቱ ክፍል መስሎት አጨበጨበ።
ፈንታነሽ ተቀመጠች። አላጨበጨበችም፤
ሌላውን እጅጌ እያየች ነበር።

ስንመለስ አውቶቡሱ ባዶ ነው፣ ሁለታችን ብቻ።
እሷ ከኋላዬ፣ ቀሚሱ ጭኗ ላይ፣
በእያንዳንዱ ቀይ መብራት መርፌዋን ታሾልካለች።
«እናትየዋ መጨረሻ ላይ ዳነች እንዴ?» አልኳት፣
«ዕብራይስጡ ፈጠነብኝ።»
ክሩን በጥርሷ በጠሰችው።
«አልዳነችም። ዘፈኑ ነው ያለቀ።»

አረንጓዴ በራ፤ እኔ አልነዳሁም።
ከኋላ አንዱ ጥሩምባ ነፋብን።
«ሰንበት ሲወጣ ይደግሙታል» አለች፣
«መሃል እንቀመጥ።
በሩ አጠገብ ብርድ ይገባል።»